«የግርጌ ማስታወሻ አድርጌያለሁ፤ ታዲያ ለምን ሰረቅህ እባላለሁ?»

ጥያቄ፦ በታሪክ የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ከአንድ መጽሐፍ ገጽ ተኩል ያህል እንዳለ ወስጃለሁ። መጨረሻው ላይ በግርጌ ማስታወሻ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስና ገጹን ጽፌያለሁ። ገምጋሚው ግን «የጽሑፍ ስርቆት» ብሎ መለሰልኝ። ከቤተ መዛግብት ያገኘሁትን ያልታተመ ደብዳቤም ሙሉውን በአባሪነት አስገብቻለሁ። ምንጭ ከጠቀስኩ በኋላ በሕግ ልጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ምንጭዎን አለመደበቅዎ ይጠቅምዎታል። ሆኖም የግርጌ ማስታወሻ ነገሩ ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ ቃሉ የማን እንደሆነ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ትእምርተ ጥቅስ ነው። ገጽ ተኩሉ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲቀመጥ አንባቢ የሚረዳው ሐሳቡን ወስደው በራስዎ ቃል እንደጻፉት ነው። ገምጋሚው የተቃወመው ይህንን ይመስለኛል፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላልፈውም ነበር።

የጽሑፍ ስርቆትና የቅጂ መብት ጥሰት ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የትምህርት ተቋም በራሱ ደንብ የሚያየው የሐቀኝነት ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ቤት የሚያደርስ የባለመብቱ ጥያቄ ነው። ከሞተ 200 ዓመት ያለፈውን ደራሲ ምዕራፍ በስምዎ ቢያወጡ ካሳ የሚጠይቅዎ ላይኖር ይችላል፤ ስርቆቱ ግን ስርቆት ነው። በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ ግማሹን በትእምርተ ጥቅስ አድርገው ስሙን በየገጹ ቢጠሩ ደግሞ ሌባ አይባሉም፤ መብቱን ግን ጥሰዋል። ምንጭ መጥቀስ ፈቃድ ማግኘት አይደለም።

የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ መሠረቱ በ1886 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተፈረመው የበርን ስምምነት ነው። አንቀጽ 10 መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ሥራው በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ የቀረበ መሆን አለበት፣ አጠቃቀሙ ከመልካም ልማድ ጋር መስማማት አለበት፣ መጠኑም ከዓላማው ማለፍ የለበትም። ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀሱም ያዛል። «እስከ 300 ቃል ይፈቀዳል» የሚባለውን አይመኑ። በ1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ200,000 ቃላት ረቂቅ ወደ 300 ቃል ገደማ መውሰድን ጥሰት ብሎታል፤ የተወሰደው የሥራው እምብርት ነበር፣ ረቂቁም ገና አልታተመም ነበር። የሚመዘነው ቃሉን ለምን እንደፈለጉት ነው። ዐረፍተ ነገሩን የሚተነትኑት ከሆነ ይጥቀሱት፤ መረጃው ብቻ ካስፈለገዎ በራስዎ ቃል ይጻፉት።

«በራስ ቃል» ሲባል ብዙ ተማሪ ይስታል። አንድ ደራሲ «ገበያው እንደ ወንዝ ዳር ሣር ጎርፉ ሲመጣ ይጎነበሳል፣ ጎርፉ ሲያልፍ ቀና ይላል» ብሎ ጻፈ እንበል። ንግዱ በክረምት መቀዝቀዙ መረጃ ነው፤ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ ያገኙበትን ምንጭ መጥቀስ ግን ይገባዎታል። ሣሩ ግን የደራሲው ነው። «ይጎነበሳል»ን በ«ይተኛል»፣ «ቀና ይላል»ን በ«ይነሣል» ቢተኩት ሣሩ አሁንም የእሱ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው መጽሐፉን ከድነው እንዲጽፉና ሲጨርሱ ብቻ ገልጠው እንዲያመሳክሩ ነው።

ከገጽ ተኩሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ደብዳቤው ነው። በ1741 በእንግሊዝ በባለቅኔው ፖፕና በመጽሐፍ ነጋዴው ከርል መካከል በነበረው ክርክር ወረቀቱ የተቀባዩ፣ ቃሉ ግን የጸሐፊው እንደሆነ ተወሰነ፤ ይህ ልዩነት እስከዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ቤተ መዛግብቱ ደብዳቤውን እንዲያነቡ፣ እንዲያውም ፎቶ እንዲያነሡ ቢፈቅድልዎ፣ መብቱ ካልተላለፈለት በቀር እንዲያወጡት በጸሐፊው ወይም በወራሾቹ ቦታ ሆኖ ሊፈቅድልዎ አይችልም። ያልታተመ ስለሆነም የአንቀጽ 10 ከለላ ላይ መተማመን ያስቸግራል። በ1987 የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት የደራሲውን የሳሊንጀርን ደብዳቤዎች የተጠቀመ የሕይወት ታሪክ እንዳይታተም አግዷል፤ ደብዳቤዎቹ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ ክፍት ነበሩ፣ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊም ብዙውን ጥቅስ በራሱ ቃል ለውጦት ነበር። ለውጡ ከዋናው ስላልራቀ አላዳነውም። በእርግጥ አገሮች ያልታተመን ሥራ በአንድ ዓይን አያዩም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ለገምጋሚው «ጠቅሼ ነበር» ብለው አይከራከሩ። የመጽሐፉን ገጽ ቅጂ አያይዘው፣ ትእምርተ ጥቅሱ መጉደሉን አምነው፣ የታረመውን ምዕራፍ በጽሑፍ ያቅርቡ። ከገጽ ተኩሉ የሚተነትኑትን ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር አስቀርተው በጥቅስ ያስቀምጡ፤ የቀረውን በራስዎ ቃል ይጻፉና በየአንቀጹ ምንጩን ያመልክቱ። የቀድሞ ማስታወሻዎችዎንና ረቂቆችዎን አይጣሉ፤ ሆን ብለው እንዳላደረጉት የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ደብዳቤውን ከአባሪው ያውጡት። ይዘቱን ይግለጹ፣ የፋይል ቁጥሩን ይጥቀሱ። ከዚያ የጸሐፊውን የሞት ዓመት ያጣሩ፤ የበርን ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛ የጥበቃ ጊዜ ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፣ ብዙ አገሮች ግን 70 አድርገውታል። ጊዜው ካላለፈ ወራሾቹን በጽሑፍ ይጠይቁ። ወደ ቤተ መዛግብቱ ሲገቡ የፈረሙትን ቅጽም ፈልገው ያንብቡት፤ ቅጂ ስለማሳተም የሚል ሐረግ ካለበት ከቅጂ መብቱ በተጨማሪ የውል ግዴታ አለብዎ ማለት ነው፤ ያኔ ቅጹን ይዘው ይምጡና አብረን እናየዋለን።