«የመጀመሪያ ተውኔቴን ለየትኛው ቢሮ ላስገባ?» ለሚለው ጥያቄ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያ ተውኔትህን ጨርሰህ ድሬዳዋ ውስጥ ለየትኛው ቢሮ እንደምታስገባ ጠይቀሃል። እኔም በዚህችው ከተማ ረቂቄን አቅፌ የተንከራተትሁ ሰው ነኝና ከደረሰብኝ ተነሥቼ እመልስልሃለሁ።

አንደኛ፣ ዋናውን ጽሑፍ ለማንም አትስጥ፤ ኮፒውንም ቢሆን መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሳታስጽፍበት አትውጣ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል፤ ዳሩ ግን ረቂቁ መቼ በእጅህ እንደነበረ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለህ ክርክሩ አድካሚ ነው። እኔ በእጄ የጻፍሁትን ዋናውን አስረክቤ፣ ስሙን የማልጠራው ቢሮ አሥራ አንድ ወር አስቀመጠው። በየሁለት ሳምንቱ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ እየተመላለስሁ፣ በዚያ ሙቀት ኮሪደር ላይ ቆሜ «ገምጋሚዎቹ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስባል ከርሜ፣ በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ገጸ ባሕርያቱ በዝተዋል» ብለው መለሱልኝ። የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ቤቴ ገብቼ ስቆጥር ገጽ 31 የለም፤ ለካስ ሳስገባው መሳቢያዬ ውስጥ ረስቼው ኖሯል። በአሥራ አንዱ ወር ማንም አልጠየቀኝም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ጸሐፊ የሚያድገው በገምጋሚ ፊርማ ሳይሆን ቃለ ተውኔቱን ከተዋናይ አፍ ሲሰማ ነው። የለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትር ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ተውኔቶችን በእሑድ ምሽት፣ በሚገባ ተለማምዶ ነገር ግን ያለ መድረክ ግንባታ ያሳይ ነበር፤ ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ስም የሌለውን ጸሐፊ ለመሞከር አያስፈራም። አሜሪካ ውስጥ በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዩጂን ኦኒል ቴአትር ማዕከልም ተዋንያኑ ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው ሲጫወቱ ጸሐፊው እያየ የሚከልስበትን አሠራር አስፋፍቷል።

እኔ ለንደን አልሄድሁም። በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ያወቅኋቸውን አምስት ልጆች ግቢዬ ውስጥ ሰብስቤ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ አስነበብኋቸው። እጅግ የምኮራበት የሁለተኛው ገቢር ረጅም ንግግር ሲነበብ አንደኛው ተነሥቶ ሻይ መቅዳት ጀመረ፤ ከኃላፊው መልስ ይልቅ ያ ሻይ አመመኝ፤ ንግግሩን ግን በማግስቱ ቆረጥሁት። በሦስተኛው ንባብ አሥራ አራቱን ገጸ ባሕርያት ወደ ስምንት አወረድኋቸው። ኃላፊው ሳያነቡ እውነቱን ተናግረው ነበር ማለት ነው፤ ይህን ግን ለእርሳቸው ደርሼ አልነግራቸውም። ገጽ 31ንም እናቲቱን የምትጫወተው ልጅ አንብባ «ባይኖርም ይገባኛል» አለችኝና መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ቀረ። በዚያው ዓመት አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ምሽት አሳየነው፤ በሁለተኛው ምሽት ወንበር አልቆ ሰው ቆሞ አይቷል።

ሦስተኛ ልል ያሰብሁት ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ነበር፤ እርሱ ግን ይቆይ። ሳቢያን አካባቢ ከሆንህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አብረን እናነበዋለን። ስድስት ኮፒ ይዘህ ና፤ ገጾቹንም ቆጥረህ።