ግድግዳው ይሻግታል፣ ልጄ ያስለዋል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? አዲስ አበባ ውስጥ ከግቢው አጥር ጋር ተያይዞ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ክረምት ሲገባ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቁር በጥቁር ይሆናል። አከራያችን ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀቡት፤ ወር ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። የ4 ዓመት ልጄን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። ሽሮፕ መስጠት ሰልችቶኛል። ባለፈው ነሐሴ እናቴ ጋ አዳማ 10 ቀን ስንቆይ አንዴም አላሳለውም። ባለቤቴ ግን «የሻገተ ዳቦ ፍቀን በልተን ነው ያደግነው፤ ሻጋታ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። የልጄ ታላቅ እህት ግን እዚያው ክፍል እየተኛች ምንም አልሆነችም። እውነት ከሻጋታው ነው?
የ2 ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው አዳማ ላይ ነው። ከቤት ሲወጣ የሚተው፣ ሲመለሱ የሚያገረሽ ሳል የሐኪምን ጆሮ ያስቆማል። ሙሉ ማስረጃ ግን አይደለም፤ አዳማ ሞቃት ነው፣ ብዙ ነገር ይለያያል። ቢሆንም ጥርጣሬሽ ባዶ አይደለም።

ሻጋታ በዓይን የማይታይ ዘር አለው። ሲነካ ይቦናል፤ ልጁም ይተነፍሰዋል። አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው አፍንጫው ይፈሳል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ የአየር ቧንቧው ይጠብና ሲር ሲር ይላል። የሁሉም ሰውነት እኩል አይቆጣም፤ እህቱ ደህና የሆነችውም ለዚህ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ላይ ሳልና አስም እንደሚበዛ ገልጿል። «ጥቁሩ ሻጋታ አእምሮ ይነካል» የሚሉሽን ግን አትስሚ፤ አልተረጋገጠም። ጥቁርም ይሁን አረንጓዴ መጽዳት አለበት።

ለባለቤትሽ፦ ዳቦው የገባው ሆድ ነው፤ ይሄኛው ሳንባ ነው የሚገባው። (እኔም ፍቄ በልቻለሁ። አሁን አልመክርም።)

ቀለሙን ተዪው። ተማሪ ሳለሁ እንደናንተው ያለ ክፍል ተከራይቼ ነበር። መስከረም ላይ ከአልጋ ስር ያወጣሁት የቆዳ ጫማዬ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ወልውዬ መለስኩት፤ በሳምንቱ እንደገና አበቀለ። ለካ ውሃ የሚስበው ወለሉ ነው! ያንቺም ግድግዳ ከአንድ ቦታ ውሃ እየጠጣ ነው። እርጥበቱ ከታች ከጀመረ ከመሬት ወይም ከአጥሩ ማዶ ካለ ቦይ ይሆናል። ከላይ ከጀመረ ጣሪያውንና አሸንዳውን እዪ። አከራይሽን ለቀለም ሳይሆን ለአሸንዳው ለምኚያቸው።

እስከዚያው ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አርቂው፣ አየር ይግባበት። ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ልብስ አታስጪ። ፀሐይ ብልጭ ስትል በርና መስኮት ክፈቺ። ሻጋታውን በደረቁ አትጥረጊው፤ በሳሙናና በውሃ ፈትጊውና አድርቂው። ያን ጊዜ ልጆቹ ውጭ ይሁኑ፣ አንቺም አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። በረኪና ከተጠቀምሽ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትደባልቂ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ደግሞ «ቤቱ ይድረቅ» ብለሽ ከሰል እንዳታስገቢ። ሳሉን ያብሳል፤ በር ዘግታችሁ ከተኛችሁበትም ይገድላል።

ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ሽሮፑ ይብቃ። አስም ከሆነ በአፍ የሚሳብ ፓፍ አለው። ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ ወይም ሌሊት ካላበው የቲቢ ምርመራም ይደረግለት። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሺም መጀመሪያ የአዳማውን 10 ቀን ንገሪው።