ጳጉሜን ሳታዩ ሥራ አትልቀቁ

ይድረስ ለጀማሪ የሶፍትዌርና የድረ ገጽ ባለሙያዎች፤

ከፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ፒኤችፒ እንማር ወይስ ፓይተን፣ በእነሱ ላይ ከተሠሩት ማዕቀፎች (ፍሬምወርኮች) ላራቬል ይሻላል ወይስ ጃንጎ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሴ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ሥራ በምታገኙበት ጀምሩ። አንዱን በደንብ ላወቀ ሰው ሁለተኛው አይከብደውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የሥራ ማመልከቻዎች ሳገላብጥ አራት ወር እዚህ፣ ስድስት ወር እዚያ የሠሩ ብዙ ወጣቶች አያለሁ። ሠርተው ያስረከቡት ብዙ ነው፤ የሠሩት ነገር ዓመት ሲሞላው ምን እንደሚመስል ያየ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሥራችሁ ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሠራችሁት የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር አንድ ሰኔ 30 እና አንድ ጳጉሜ አብራችሁ እለፉ።

ጳጉሜ ቀልድ አይደለችም። የዓመተ ምሕረቱን ቀን ለማግኘት ጀማሪው ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ 8 ይቀንሳል፤ ኮዱን የጻፈው በየካቲት ስለሆነ ልክ ይመስለዋል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ነው። የወር ቁጥር ከ12 እንዳይበልጥ የተቆለፈ ቅጽ ጳጉሜ 3 ቀን የተወለደችን ሕፃን አይቀበልም። መዝጋቢዋ ከፊቷ ሰልፍ አለ፤ ነሐሴ 30 ብላ ሞልታ ታልፋለች። ስሕተት ተፈጠረ የሚል መልእክት የትም አይወጣም። ነሐሴ 30 የልጅቱ የልደት ቀን ሆኖ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰነድ ይዛ ስትመጣ ሁለቱ አይገጥሙም። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በ2015 ሆና ነበር፣ በ2019 ትመለሳለች። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜ አይከፈለውም፤ የቀን ሠራተኛ ግን ይከፈለዋል። ይህን የሚነግራችሁ የማስተማሪያ ቪዲዮ የለም። የሚነግሯችሁ የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ናቸው፤ እሱም ተቆጥተው ሲደውሉ።

ሰኔ 30 ሌላ ትምህርት ቤት ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ዓመቱን ሙሉ ያልተከፈተ ሪፖርት ሁሉ በአንድ ቀን ይጠየቃል። በመቶ መዝገብ ሲሞከር በቅጽበት ይመጣ የነበረው ገጽ ያን ቀን ይንቀራፈፋል። ኢንዴክስ የሚባለው፣ መረጃ ቶሎ እንዲገኝ የሚያደርገው ማውጫ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ከሥራ ግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝም ተመልከቱ፦ 150 ብር ነበር፣ በ2008ቱ አዋጅ 600 ሆነ፣ በ2017ቱ ማሻሻያ 2,000 ደረሰ። ቁጥሩን በሠንጠረዥ ያስቀመጠ ፕሮግራመር አንድ ረድፍ ለውጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 600ን በየፋይሉ ውስጥ የበተነ ግን ሌሊቱን ሲለቅም ያድራል፤ ወይም፣ እንደተለመደው፣ ቀድሞ ለቅቆ ሄዷል፤ የሚለቅመው ተተኪው ነው።

አሁን ደግሞ ከወንበራችሁ ተነሡና ሥራችሁን ከሚጠቀምበት ሰው አጠገብ ተቀመጡ። የሚቻል ከሆነ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ምረጡ። ታካሚው ኃይለማርያም እባላለሁ ይላል። ባለፈው አንዷ መዝጋቢ «ኃይለማርያም» ብላ መዝግባዋለች፤ የዛሬዋ «ሀይለ ማርያም» ብላ ትፈልጋለች። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። «አልተገኘም» ይላል፣ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ ሐኪሙም የቀድሞውን የመድኃኒት አለርጂ ማስታወሻ ሳያይ ያዝዛል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ከተጻፈው ስም ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን፣ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተሰበሰቡበትና ክፍተቱ የተነሣ ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። ሰውየው በሚወደው አጻጻፍ የተመዘገበው ስም ግን አይነካ። እዚያው ተቀምጣችሁ የቤተሰብ ስም የሚለውን ሣጥንም ታዘቡ፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ለሚኖር ሕዝብ ከባሕር ማዶ እንዳለ የተገለበጠ ቅጽ ነው። መዝጋቢዋ የባልን ስም ይሁን የአባትን ስታመነታ ታገኟታላችሁ።

እግረ መንገዴን ስለ አጭር የስልክ መልእክት ላንሣ። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ረዘም ያለች የቀጠሮ ማስታወሻ በሁለት ትቆጠራለች። ይህን ሳያሰላ ዋጋ የተስማማ ባለሙያ ከደንበኛው ጋር ሲጣላ አይቻለሁ። ያም ሆኖ ምሬት አይገባንም። እኛ ስንጀምር እያንዳንዱ የግእዝ ፎንት የየራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈት ነበር። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እናንተ ደርሳችሁ ያገኛችሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ እየጻፈላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተጠቀሙበት። እኔም እጠቀማለሁ። ያቀረበላችሁን እያንዳንዱን መስመር ለባልደረባችሁ አፍ ሞልታችሁ ማስረዳት ካልቻላችሁ ግን ወደ ሰርቨር አትላኩት። ካርድ ክፍሉ ውስጥ አልተቀመጠም፤ ካልነገራችሁት ስለ ወይዘሮዋ ቁጣም የሚያውቀው ነገር የለም።

«ዓመት ቆዩ ማለት ቀላል ነው፤ የቤት ኪራዩስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ለውጭ ድርጅት ሠርቶ በዶላር የሚከፈለው ጓደኛችሁና በብር የምትከፈሉት እናንተ አንድ ገበያ ላይ መገናኘት ከብዷችኋል። የማይከፍል፣ የሚሳደብ ወይም የሚያስተምራችሁ አንድም ሰው የሌለበት ቤት ከሆነ ጳጉሜን አትጠብቁ፤ ውጡ። የምቃወመው ጥቂት መቶ ብር ብልጫ በሰሙ ቁጥር መነሣትን ነው። በውጭ ድርጅት ፈተና ላይ የሚቀመጥ ጠያቂም ስንት ፍሬምወርክ ታውቃላችሁ ከማለት ይልቅ ሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ሲበላሽ ምን አደረጋችሁ ብሎ መጠየቅ ይወዳል። አራት ወር የቆየ ሰው የሚተርከው ያንሰዋል።

ስትገቡ ውሉን አንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ «ስድስት ወር እንሞክርህ» የሚል ካጋጠማችሁ በትሕትና አስታውሱት። በቅጥር ላይ ሆናችሁ የጻፋችሁት ኮድ፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ የአሠሪው ነው። ማታ የምትሠሩት የራሳችሁ ነገር ካለ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ገንዘብ ማምጣት ከጀመረ በኋላ መነጋገር ሌላ መልክ ይይዛል።

ስትወጡም አወጣጣችሁ ይመር። የይለፍ ቃሎቹን በቴሌግራም ሳይሆን በአግባቡ አስረክቡ። መጠባበቂያ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ጻፉ፤ ከመጻፋችሁ በፊትም አንድ ጊዜ ከቅጂው መልሳችሁ ሥርዓቱን አስነሡ፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። የደንበኞችን መረጃ ለልምምድ ብላችሁ በፍላሽ ይዛችሁ አትውጡ፤ ዛሬ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ አዋጁ ባይኖርም የሰው የሕክምና ካርድ ነው። ተተኪያችሁ ገና ካልተቀጠረ ማስታወሻውን ለማያውቁት ሰው እንደምትጽፉ አድርጋችሁ በአማርኛ ጻፉት፤ ስልካችሁንም ከታች አስቀምጡ፣ መደወሉ አይቀርምና።