ፎቶው አለ፣ ምን እንደሆነ የሚናገር የለም

ልጆቼ፣

ስልካችሁ ውስጥ ያለው የፎቶ ብዛት ይገርመኛል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ለራሳችሁ ብቻ አታስቀሩትም፤ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ትጭኑታላችሁ። እሰየው ነው። ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ማንም ሰው በነፃ የሚጠቀምበት የምስል፣ የድምፅና የቪዲዮ ማከማቻ ነው። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ፋይል ይዟል። ዊኪፔዲያ ላይ የምታዩት ፎቶ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምመክራችሁ አዲስ ፎቶ ስለ መጫን አይደለም። የተጫነውን ስለ ማቃናት ነው።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ካታሎግ ክፍል ውስጥ ነው፤ መጽሐፍ፣ ካርታና ፎቶ ስመዘግብ። አንድ መሥሪያ ቤት ካርቶን ሙሉ የድሮ ፎቶ አደራጁልን ብሎ ሰጠን። የአንዱ ጀርባ «ስብሰባ» ይላል። የሌላው «የመሠረት ድንጋይ ሲጣል»። የየትኛው ሕንፃ? ድንጋዩን የሚጥሉት ሰውዬስ ማን ናቸው? ያውቁ የነበሩት ጡረታ ወጥተዋል፣ ገሚሶቹም አርፈዋል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ግን ለማንም አልጠቀመም። ኮመንስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሳይ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም የዛሬውን ፎቶ የሚያውቀው ሰው ገና በሕይወት አለ። እናንተ ናችሁ።

እኔ የምኖረው ካራ አካባቢ፣ ከተማው አለቀ ሲባል እንደገና በሚጀምርበት ዳርቻ ነው። ምሳሌዎቼም ከዚሁ ከዳር ዳሩ ናቸው። እንጦጦን እንውሰድ። «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ተብሎ የተጫነ ፎቶ ብታገኙ ውሸት አይደለም፤ ግን ምን ይጠቅማል? ማርያም ናት ወይስ ራጉኤል? የውጭ ሰው ሁለቱን ላይለይ ይችላል። እንጦጦ የወጣ ልጅ ግን ይለያል። ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ናት፤ ግቢዋ ውስጥም ሙዚየም አለ። «ራጉኤል» ብላችሁ ብቻ ካለፋችሁ ደግሞ መርካቶም ራጉኤል አለ። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ጻፉ። ከየት በኩል እንደተነሳ፣ ምን እየተከናወነ እንደነበርም ጨምሩበት። በአማርኛ ጻፉት፤ ኮመንስ መግለጫን በማንኛውም ቋንቋ ይቀበላል። ከቻላችሁ እንግሊዝኛውን ከሥሩ አስከትሉ።

መደብ ላይ፣ ማለትም ፋይሎች በርዕሰ ጉዳያቸው በሚሰበሰቡበት ክፍል (ካተጎሪ) ላይ፣ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ፎቶው ቶሎ እንዲገኝ ብለው «ኢትዮጵያ»፣ «አዲስ አበባ»፣ «እንጦጦ»፣ «አብያተ ክርስቲያናት» ሁሉንም ይደረድራሉ። የታክሲ ረዳት እኮ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» ብሎ አይጣራም፤ «ካራ! ካራ!» ነው የሚለው። እናንተም ለፎቶው በጣም የሚቀርበውን መደብ ምረጡ። እንጦጦ ማርያም የራሷ መደብ ካላት እዚያ ይግባ፤ መደቡ ራሱ በላይኛዎቹ ሥር ስለሆነ እነሱን መድገም አያስፈልግም። የመደቦቹ ስም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የሰፈሮቻችን ስም በላቲን ፊደል ደግሞ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። አቃቂንና ቃሊቲን ፈልጉና እዩ። አዲስ መደብ ከመክፈታችሁ በፊት ያለውን ፈልጉ። አካውንት ላላቸው ሆትካት የሚባል መሣሪያ አለ፤ መጻፍ ስትጀምሩ ያሉትን መደቦች ራሱ ያቀርብላችኋል።

ከእንጦጦ ላይ ቆማችሁ ከተማውን ስታነሱ ደግሞ ፎቶው የእንጦጦ አይደለም። የሚታየው አዲስ አበባ ነው። እንጦጦ የቆማችሁበት ቦታ ነው። ኮመንስ ካሜራው የነበረበትን ቦታና የተነሳውን ነገር ቦታ ለየብቻ የሚመዘግብበት መንገድ አለው። አትቀላቅሏቸው።

አሁን እኛን ብቻ ወደሚያስቸግረው ጉዳይ ልምጣ። ቀን። ፎቶ የተጫነበት ቀን ለተመራማሪ ብዙም አይረባም፤ የሚፈለገው የተነሳበት ነው። «ጥምቀት 2016» ብላችሁ ስትጽፉ እናንተ የምታስቡት የኛን አቆጣጠር ነው። ሌላው ዓለም የሚያነበው ግን በራሱ ነው፤ ፎቶው በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። በጭፍን መቀየርም አያዋጣም። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ የ2016ቱ ግን ጷጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ማግስት ስለነበር ጃንዋሪ 20 ዋለ። ስለዚህ የቀኑ ቦታ ላይ 2024-01-20 ብላችሁ አስገቡ። እንዲህ ከተጻፈ ድረ ገጹ ለየአንባቢው በቋንቋው ያሳየዋል። ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚለውን መግለጫው ውስጥ አስቀምጡት። ሰዓትም ያው ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ስትሉ ስልኩ 14:00 ብሎ መዝግቦታል። የድሮ ካሜራ ከሆነ ጭራሽ ሰዓቱ ተሞልቶ ላያውቅ ይችላልና የፋይሉን መረጃ ዝም ብላችሁ አትመኑ።

የአስተዳደር ወሰንም ይቀያየራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲቋቋም፣ ትናንት «ቦሌ ክፍለ ከተማ» የተባለው ሰፈር ዛሬ ሌላ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክፍለ ከተማውን ጻፉ፣ የሰፈሩን ስም ግን ፈጽሞ አትተዉ። አያት ምንጊዜም አያት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር እላለሁ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያላነሳ እንግዳ የለም። ከዚያ ሥሩ «የአፍሪካ ድህነት» ብሎ መጻፍ ይመጣል። ይህ አስተያየት እንጂ መግለጫ አይደለም። የሚታየውን ጻፉ፦ «የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ላይ»። የማገዶ ነገር የሚያጠናውም፣ የባህር ዛፍን ታሪክ የሚጽፈውም በዚህ ያገኘዋል። እግረ መንገዴን፣ የሰው ፊት ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ፎቶ በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ ከጨዋ ልጅ የሚጠበቅ ነው።

ወፍ ማንሳት የምትወዱ ደግሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ክንፉ ሰማያዊ የሆነውን ዝይ ታገኙ ይሆናል። የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። «ዳክዬ» ብላችሁ ካለፋችሁት ተቀበረ። ኮመንስ እንስሳትንና ዕፅዋትን ባብዛኛው የሚመድበው በሳይንሳዊ ስማቸው ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ዝይ፣ ዓይነቱ ያልተለየ» በሉ፤ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ያሟላዋል። ገምቶ ከመጻፍ ይሻላል፤ የተሳሳተ ስም ከተጻፈ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ስሙ የካሜራ ቁጥር ብቻ የሆነ ፋይል ካጋጠማችሁ ስሙን ራሳችሁ መቀየር ላትችሉ ትችላላችሁ፤ ሥልጣኑ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ጥያቄ አቅርቡ። ቁጥር ብቻ የሆነ ስም በቂ ምክንያት ነው፤ «ይሄኛው ስም ይበልጥ ደስ ይለኛል» ግን አይደለም።

ያቃናችሁትን ሌላ ሰው መልሶ ቢቀይርባችሁ አትቆጡ። የለውጡ ታሪክ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ የጠፋ ነገር የለም። ውይይት ገጹ ላይ ግቡና ምክንያታችሁን ጻፉ። «የሰፈሩ ልጅ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። ሩቅ አገር ያለ ሰው ራሱ ሊያየው የሚችለውን ምልክት አሳዩት፤ የጣሪያውን ቅርጽ፣ ከበስተኋላ ያለውን ተራራ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ጽሑፍ።