በሌላ ሰው የሙያ ፈቃድ ላቦራቶሪ መግባት ይቅርብሽ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ እህቴ። ሁለቴ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ትያለሽ። በባዮሎጂ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ታቦር ክፍለ ከተማ ከእናትሽ ጋር ትኖሪያለሽ፤ የሰፈር ልጆች እያስጠናሽ ትንሽ ብር ታገኛለሽ። የሕክምና ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ መሥራት ስለምትፈልጊ ሐዋሳ ያሉ ክሊኒኮችን በእግርሽ ዞረሽ ጠይቀሻል። ሁሉም "የሙያ ፈቃድሽን አምጪ" አሉሽ። አንዱ ግን ሌላ ነገር አቀረበልሽ። "የሌላ ባለሙያ ፈቃድ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፣ ሥራውን አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ደሞዙም አይከፋም" አለሽ። እናትሽ "እንጀራ ነው፣ ግቢ" ይላሉ። አንቺ ደግሞ ሆድሽ አልቀበል ብሎሻል።

ሆድሽ ልክ ነው። አትግቢ።

ከተያዝሽ ቅጣት አለው፣ ስምሽም ይበላሻል። እኔ ግን የበለጠ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት ላብ ውስጥ ሠርቻለሁ። የጥቅምት ወር ነበር፣ ወባ የሚበረታበት ጊዜ። ወረፋው ከበሩ ውጭ ደርሷል። አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጅ አዝላ ገባች፤ ልጁ እሳት ሆኗል። ከጣቱ ደም ወስጄ፣ መስታወት ላይ ቀብቼ ስላይድ ሠራሁ፣ ሲደርቅ በጊምሳ ቀለም አቀለምኩት፣ ዘይት ጠብ አድርጌ በትልቁ ሌንስ ማየት ጀመርኩ። "ወባ የለም" ከማለትሽ በፊት ወፍራሙ የደም ቅብ (ስሚር) ላይ ቢያንስ 100 ፊልድ፣ ማለትም በሌንሱ በአንዴ የሚታይ ክፍል፣ ማየት አለብሽ። እኔ ሃያ ያህል አየሁና "ኔጌቲቭ" ብዬ ጻፍኩ። ከኋላዬ "ቶሎ በሉ" የሚል አለቃ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጁ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ያንኑ ስላይድ ከሳጥኑ አውጥቼ እንደገና አየሁት፣ አሁን እየቆጠርኩ። ስልሳዎቹ ውስጥ ስገባ የወባዋን ተውሳክ አገኘኋት። ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ ጠርዟ ላይ ቀይ ነጥብ። ልጁ ታክሞ ዳነ። ያቺ ቀለበት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

አስቢው። እኔ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ፈቃድ ይዤ ነው የሳትኩት። ያን ቀን ግን አጠገቤ ሲኒየር ነበረ፤ ስላይዱን አየ፣ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ። አንቺ እዚያ ክሊኒክ ብትገቢ ስሙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰው በአካል የለም። "እስቲ ይቺን እይልኝ" የምትይው ሰው አይኖርሽም። ላብ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚማረው በዚያች ጥያቄ ነው።

"ፈጣን መመርመሪያው አለ አይደል" ትይኝ ይሆናል። አለ፣ ጥሩም ነው። ግን ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረም የተባለውን አደገኛ የወባ ዓይነት የሚያገኙት ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን ፈልገው ነው። ይህን ፕሮቲን የማይሠራ ፋልሲፓረም አገራችን ውስጥም ተገኝቷል። ኪቱ ዝም ሲል ማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ያስፈልጋል።

በባዮሎጂና በሜዲካል ላብ መካከል ያለውን ልዩነት ማንም በግልጽ አልነገረሽም መሰለኝ። አንቺ ተዋስያኑን ተምረሻል። እነሱ ደግሞ ናሙናው ከታካሚው ክንድ ተነስቶ ውጤት እስኪሆን ያለውን መንገድ ሁሉ ይማራሉ። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የፖታሲየም ጨው ነው። ቀዩ ቱቦ ላይ ደም አነሰ ብለሽ ከሐምራዊው ብትገለብጪበት የታካሚው ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ካልሲየሙም ይወርዳል። ሐኪሙ ያንን ወረቀት ሲያይ የታካሚው ልብ ሊቆም ነው ብሎ ሰውዬውን ያጣድፋል። ሰውዬው ግን ደህና ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቱቦ አይገለብጥም። ጠዋት ማሽኑ ላይ ከታካሚ ደም በፊት ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ ያስገባል፤ የኮንትሮሉ ውጤት ልክ ካልመጣ ሥራ አይጀምርም።

ትኩሳት ያለው ሁሉ "ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ" ተብሎ መድኃኒት ይዞ ሲወጣ አይተሻል። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም፤ ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚያየው። ድሮ ታይፎይድ የያዘው፣ የተከተበ፣ አንዳንዴም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ብዙ አያስተማምንም፤ ባክቴሪያውን ራሱን ከደም የሚያሳድገው የደም ካልቸር ይሻላል። ይህን ለሐኪሙ በድፍረት የሚናገር የላብ ሰው በጣም ያስፈልገናል። በሰው ፈቃድ የተቀመጠ ሰው ግን ቀና ብሎ ሊናገር አይችልም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ልብሽን የሚስበው ታካሚው ነው ወይስ ተዋስያኑ? ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ታካሚው ከሆነ አቋራጭ የለውም። ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ እንደገና መማር ነው። እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ውስጥ ትምህርቱ አለ። ስትጨርሺ የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ፈቃድ ታወጪያለሽ። የመጀመሪያ ዲግሪሽ ስላለ የተወሰኑ ኮርሶች ሊያዙልሽ ይችሉ እንደሆነ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። በስልክ አይሆንም፤ በአካል ሂጂ፣ ትራንስክሪፕትሽንም ያዢ። የግል ኮሌጅ ካሰብሽ ደግሞ አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያ ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና እንዳለው አረጋግጪ። ኮሌጁ ለሌላ ፕሮግራም እውቅና አለው ማለት ለላቡም አለው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ተበልቷል።

ተዋስያኑ ከሆኑ ግን ዲግሪሽ ራሱ በር ነው፤ እንዲያውም ያለሽበት ቦታ ራሱ ሀብት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የቢልሃርዚያ አካባቢ ነው። ወንዶ ገነትም እንደዚያው። ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ አጥማጆች ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ናቸው፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም እዚያው ሣሩ ሥር አለ። ጥናት ሲካሄድ ትምህርት ቤት ሄዶ ሰገራ ሰብስቦ ካቶ ካትዝ የተባለውን የጥገኛ ትል እንቁላል መቁጠሪያ ምርመራ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። 41.7 ሚሊግራም በምትይዘው ቀዳዳ ለክቶ፣ እንቁላሉን ቆጥሮ፣ በ24 አባዝቶ በአንድ ግራም ስንት እንደሆነ የሚጽፍ ሰው። የማንሶኒን፣ የዚህን የቢልሃርዚያ ትል፣ እንቁላል በጎኑ ባለችው እሾህ ታውቂዋለሽ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ባዮሎጂ የጨረሱ ልጆች ይቀጠራሉ፤ ለማስተርስም ጥሩ መነሻ ነው።

ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን አስቢ። ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ሌላው ሰው ያንን ወንዝ በየቀኑ ያይ ነበር። እሱ ቆሞ "ለምን?" አለ። ቢልሃርዚያን ለመከላከል ለተሠራው ለዚያ ሥራ በ1989 ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስሙ ይጠራል። የማስተርስ ማስታወቂያቸውን ተከታተይ፤ ማን ማመልከት እንደሚችል በደንብ አንብቢ።

እስከዚያ ገቢ ያስፈልግሻል፣ ይገባኛል። ቢራና ለስላሳ ፋብሪካዎች፣ ወተት ማቀነባበሪያዎች፣ የከተማው ውኃ አገልግሎት የጥራት ቁጥጥር ላብ አላቸው። ኮሊፎርም መቁጠር፣ ሚዲያ ማዘጋጀት፣ ፒኤች መለካት ለአንቺ አዲስ አይደለም። እዚያ የጤና ባለሙያ ፈቃድ አይጠይቁሽም። ሲቪሽ ላይ "ላብ እወዳለሁ" ብለሽ አትጻፊ፤ በእጅሽ የሠራሽውን ጻፊ። ስንት ጊዜ ግራም ስቴይን ሠራሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ ምን ለካሽ፣ አውቶክሌቭ ብቻሽን ታስነሺያለሽ ወይ? መምህርነትም አለ፣ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ አላነሳሽውም፤ ስለዚህ አልገፋሽም።

ለእናትሽ ግን በእርጋታ ንገሪያቸው። እንጀራውን ንቀሽ እንዳልሆነ አስረጂያቸው። የዚያን የአራት ዓመት ልጅ ታሪክ ንገሪያቸው፤ እናት ናቸው፣ ይገባቸዋል። ለክሊኒኩ ባለቤት ደግሞ "አመሰግናለሁ፣ አልችልም" ማለት ይበቃል። አትከራከሪው።

ትራንስክሪፕትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ፓራሲቶሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ላይ ምን እንዳመጣሽ ማየት እፈልጋለሁ። ሬጅስትራር ከመሄድሽ በፊት የትኞቹን ኮርሶች ይዘሽ እንደምትጠይቂ አብረን እንለያቸዋለን።