ጠይቁን፦ አንዴ ብቻ አውት የሆነው ሰውዬ ዋንጫው ይገባዋል ወይ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ ክሪኬት ናቸው፣ የአማተር ክለቦች ሲዝን ሲያልቅ ሁሌም እንደዚ ነው፣ ጨዋታው ሲቆም ክርክሩ ይጀምራል። (ለማያውቅ፦ ራን ነጥብ ነው፣ አውት ከመምታት መባረር፣ ኖት አውት ሳይባረሩ መቅረት፣ ቦውለር ኳስ ወርዋሪው።)

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የክለባችንን ስኮር ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። ዘንድሮ 14 ጨዋታ ተጫወትን። መጀመሪያ የሚገባው መቺያችን 14ቱንም ገብቶ አንዴ ብቻ ኖት አውት ሆኖ 486 ራን አስቆጠረ፣ አቬሬጁ 37.38 ነው። መጨረሻ 11ኛ ሆኖ የሚገባው ቦውለራችን ደግሞ 9 ጊዜ ገብቶ 8ቱን ኖት አውት ነው የወጣው፣ ራኑ በጠቅላላው 61፣ አቬሬጁም 61! እና በደብተሩ መሰረት የአመቱ ምርጥ መቺ እሱ ሆነና አረፈው። ያኛው ልጅ አኩርፏል፣ ካፒቴኑ "እንደምንም አስተካክለው" ይለኛል። ሂሳቤ ተሳስቷል እንዴ?

መልስ፦ ሂሳብህ ልክ ነው ወንድሜ፣ አንዲት ቁጥር እንዳትነካ። አቬሬጅ ማለት ራን ሲካፈል ለገባህበት ብዛት ሳይሆን አውት ለሆንክበት ብዛት ነው፣ ስለዚህ 486 ለ13፣ 61 ለ1። ብዙ ሰው ይሄ ነገር ማጭበርበር ይመስለዋል ግን ምክንያት አለው፣ ቡድኑ አሸንፎ ጨዋታው አልቆ ወይ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያሉት ሁሉ አልቀው አንተ 20 ራን ላይ ብቻህን ብትቀር ያንን 20 እንደ ሙሉ ኢኒንግስ (የመምታት ተራ) ቆጥሮ ባንተ ላይ ማካፈል ግፍ ነው፣ ማንም አላስወጣህም እኮ።

አውስትራሊያዊውን መቺ ዶን ብራድማንን ውሰድ። በቴስት ክሪኬት (በሀገራት መሃል በሚደረገው ረጅሙ ጨዋታ) 80 ጊዜ ገብቶ 10ሩን ኖት አውት ነው፣ 6996 ራን ለ70 ሲካፈል ያቺ ሁሉም የሚያውቃት 99.94 ትመጣለች። ለ80 ብታካፍለው ግን 87.45 ይሆናል፣ ያው ሰውዬ ያው ራን። ያም ሆኖ በ87.45ም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከገቡት ውስጥ የሚደርስበት የለም።

አንተ ጋ የመጣው ችግርም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የአውስትራሊያ ቡድን እንግሊዝን ሲዞር ቢል ጆንስተን የሚባል ግራኝ ቦውለር ነበረ፣ መምታት ላይ የሰፈር ልጅ ነው በለው፣ 17 ጊዜ ገብቶ 16ቱን ኖት አውት ወጣ፣ በጠቅላላው 102 ራን፣ አቬሬጁ 102! እነ ሃርቬይ እነ ሃሴት የሚባሉ ጎበዝ መቺዎች ያሉበት ቡድን ውስጥ የቱሩ ሰንጠረዥ አናት ላይ ቁጭ አለ። ማንም ሂሳቡን አላስተካከለለትም፣ እስካሁን እየተሳቀ ይወራል።

ታዲያ ምን ይሁን ካልክ፣ ክለቦች ለሰንጠረዡ ዝቅተኛ መስፈርት ያወጣሉ፣ ለምሳሌ ቢያንስ ይሄን ያህል ጊዜ የገባ ወይም ይሄን ያህል ራን ያለው ተብሎ ይጻፍና ያላሟላው ስሙ ከታች ለብቻ ይቀመጣል። እኔ የምመርጠው ግን "ቢያንስ 5 ጊዜ አውት የሆነ" የሚለውን ነው፣ ምክንያቱም የገባበት ብዛት ብቻ ከሆነ መስፈርቱ ያንተ 11ኛ 9 ጊዜ ስለገባ ሊያልፍ ይችላል፣ ነገሩን የሚያዛባው ደግሞ የሚካፈልበት ቁጥር ማነሱ ነው። ለቦውለርም እንደዛው አድርጉ፣ አለበለዚያ አንድ ኦቨር (6 ኳስ) ብቻ ወርውሮ 5 ራን ሰጥቶ አንድ ዊኬት የወሰደው (አንድ መቺ ያስወጣው) ልጅ አቬሬጁ 5 ነው (የሰጠው ራን ለዊኬቱ ተካፍሎ ነው፣ እዚህ ጋ ሲያንስ ነው ጥሩው) ብሎ አመቱን ሙሉ የለፋውን ይበልጠዋል።

ግን ይሄ ለሚቀጥለው ሲዝን ነው። ዘንድሮ እንዲህ የሚል ህግ ካልነበራችሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ዋንጫው የ11ኛው ነው። ህግ ሲዝኑ ካለቀ በኋላ ማን እንዳሸነፈ ታይቶ አይወጣም። ላኮረፈው ልጅ "የአመቱ ብዙ ራን" ብላችሁ ሌላ ሽልማት ስጡት፣ ያ እኮ እውነትም የሱ ነው፣ 486 እና 61 ማወዳደርም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የክለቡን ቁጥር ኤክሴል ላይ አስገብቼ የአንዱ ቦውለር ኦቨር 49.9 መጣብኝ። ኦቨር 6 ኳስ አይደል እንዴ፣ ይሄ .9 ከየት መጣ?

መልስ፦ ኧረ ይሄንን የማያውቅ ስኮር ያዥ የለም፣ ሁላችንም ተቃጥለንበታል። ኦቨር ላይ ነጥቧ ነጥብ አይደለችም! 37.4 ማለት 37 ኦቨርና 4 ኳስ ነው። ኤክሴሉ ይሄን በምን አውቆ፣ 37.4 እና 12.5 ደምር ስትለው 49.9 ይልሃል። ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ኳስ ቀይር፣ 226 እና 77፣ ድምሩ 303 ኳስ፣ እሱን ለ6 ስታካፍል 50 ኦቨር ከ3 ኳስ። ሰውዬው 202 ራን ሰጥቶ ቢሆን ኢኮኖሚው ማለትም በኦቨር የሚሰጠው ራን ልክ 4 ነው፣ በስህተቱ ግን 4.05 ይሆንበታል። ትንሽ ትመስላለች፣ ሁለት ቦውለሮች በ0.02 ሲበላለጡ ግን ጠብ ታስነሳለች። እኔ ኦቨር የሚል ኮለም ጭራሽ አልይዝም፣ ኳስ ብቻ ነው የማስገባው፣ ኦቨሩ ለማሳየት ሲፈለግ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ካፒቴናችን ጎበዝ መቺዎች 50 ሲሞሉ "ውጣና ሌላው ይግባ" ይላል። አውት ነው ወይስ ኖት አውት የምጽፈው? ደግሞ በዛው፣ እኔ እየወረወርኩ የተገኘ ራን አውት (መቺው ሲሮጥ ሳይደርስ መውጣቱ) ለኔ ዊኬት የማይቆጠረው ለምንድነው?

መልስ፦ በክሪኬት ህጉ ከሄድን ታሞ ወይም ተጎድቶ ወይ በሌላ ከአቅም በላይ በሆነ ነገር የወጣ ሪታየርድ ኖት አውት ነው፣ እንዲሁ በፈቃዱ ወጥቶ ያልተመለሰ ደግሞ ሪታየርድ አውት ተብሎ እንደማንኛውም አውት አቬሬጁ ውስጥ ይገባል። ያ ማለት ለሌላው እድል የሰጠ ሰው ይቀጣል ማለት ነው፣ ደስ አይልም፣ ለዛም ነው የራሳቸው ህግ ኖሯቸው ኖት አውት ብለው የሚጽፉ ሊጎች ያሉት፣ እናንተም የሊጋችሁን ደንብ አይተህ ጻፍ። ራን አውት የፊልደሮቹና (ሜዳ ላይ ኳሱን የሚይዙት) የሯጮቹ ጉዳይ ነው፣ ለቦውለር አይቆጠርም፣ አትከፋ። በምትኩ ባይና ሌግ ባይም (ኳሱ ዱላውን ሳይነካ የተገኘ ራን) ባንተ ላይ አይጻፍም፣ ዋይድና (ከመቺው የራቀ ውርወራ) ኖ ቦል (ህግ የጣሰ ውርወራ) ግን ያንተው ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ስለ ክሪኬት ምንም አላውቅም። ባለቤቴ ከጨዋታ ሲመለስ ፊቱን አጥቁሮ "ዛሬ ዳክ ሆንኩ" ይለኛል፣ ሰው እንዴት ዳክዬ ይሆናል? ስጠይቀው ደግሞ ይቆጣል።

መልስ፦ አትፍረጂበት እህቴ፣ አንድም ራን ሳያስቆጥር አውት ሆኖ ነው። ዜሮዋ የዳክዬ እንቁላል ስለምትመስል ነው ስሙ የወጣው። በመጀመሪያዋ ኳስ ከሆነ ጎልደን ዳክ ይባላል፣ ያን ቀን ባትጠይቂው ይሻላል። ዜሮ ላይ ሆኖ ኖት አውት ከቀረ ግን ዳክ አይባልም።

ማጽናኛ ከፈለግሽለት፣ ከላይ ያነሳነው ብራድማን እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ኦቫል ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገባ አቬሬጁ 100 እንዲሆን 4 ራን ብቻ ነበር የቀረው፣ የእንግሊዙ ቦውለር ኤሪክ ሆሊስ በሁለተኛዋ ኳስ በዜሮ አስወጣው። አውስትራሊያም በኢኒንግስ (ሁለተኛ ተራዋን መምታት ሳያስፈልጋት) ስላሸነፈች ዳግም አልገባም። ሁለተኛዋ ኳስ ስለሆነች ጎልደን እንኳን አልነበረም።