«ካልተጠራህ ተኝተህ ነው ያደርከው»

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ሆስፒታል የጀነሬተር ቴክኒሺያን ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 11 ሰዓት እሠራለሁ፤ አንዷ ሰዓት የምሳ ናት። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ደግሞ እስከ ማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያው ግቢ ዲዩቲ አድራለሁ። የሚከፈለኝ ግን ጀነሬተር ላስነሣሁበት ሰዓት ብቻ ነው። «ዕረፍትህ እሑድ ነው» ይሉኛል። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ኦን ኮል» (ሲጠሩ ለመሥራት ተጠባባቂ መሆን) የሚል አንቀጽ አያገኙም፤ መልሱ ያለው አንቀጽ 61 ላይ ነው። የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው። ከግቢ እንዳይወጡ ታዘው እስካደሩ ድረስ፣ እንቅልፍ ቢወስድዎትም ባይወስድዎትም ዝግጁ ነበሩ። በምሳ ሰዓትም ከጀነሬተሩ እንዳይርቁ ከተከለከሉ ክርክሩ ያው ነው። ቤትዎ ሆነው ስልክ ብቻ የሚጠብቁ ቢሆን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ያኔ የሥራ ደንቡንና የኅብረት ስምምነቱን ማየት ግድ ይላል።

ሒሳቡን እንየው። የረቡዕ ዲዩቲዎ 15 ሰዓት ነው፤ ሁሉም ትርፍ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ያሉት 8 ሰዓታት በ1.75፣ ቀሪዎቹ 7 ሰዓታት በ1.5 ይባዛሉ፤ ድምሩ የ24.5 ሰዓት ደመወዝ ይሆናል። የወር ደመወዝዎ 10,400 ብር ቢሆን፣ በወር 208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 50 ብር ነው፤ ስለዚህ ለአንዲት ሌሊት 1,225 ብር። በነገራችን ላይ የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። አሠሪው ይህን ማለፉ ራሱን ያስጠይቀዋል እንጂ፣ በእኛ እምነት፣ ለሠሩት አልከፍልም ለማለት ምክንያት አይሆነውም።

የእሑዱ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሳምንታዊ ዕረፍት ሳይቋረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ አንቀጽ 69 ከንጋት 12 እስከ ማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንዲያካትት ያዛል። እርስዎ እሑድ ከግቢ የሚወጡት 2 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ 2 ሰዓት እስኪገቡ 24 ሰዓት ቢሞላም ዕረፍቱ 12 ሰዓት ላይ አልጀመረም። ሥራው እሑድን የማይለቅ ከሆነ ሆስፒታሉ ሌላ ቀን ሊተካ ይችላል፤ የዕረፍት ቀን ሥራ ክፍያው ደግሞ እጥፍ ነው።

አብዛኛው ክስ የሚወድቀው በማስረጃ ነው። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የሚሠራ ስለሆነ ትእዛዙን የሚያሳየው የተረኞች ዝርዝር ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ከሰሌዳው ይነሣል። ሳይነሣ ፎቶ ያንሡት፤ የጀነሬተሩን መዝገብና የበር መውጫ መግቢያ ፊርማዎንም አብረው ይያዙ። ከዚያ ክፍያውን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቅጂው ላይም «ደርሶናል» ያስብሉ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም፤ የሚቆጠረውም ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ዛሬ ነገ ባሉ ቁጥር የፊቶቹ ወሮች ያመልጡዎታል።